ለቶኪዮ ተጓዧ እህታችን፦ ፓሱን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ታሪክ መስሎኝ ደነገጥኩ። በመጋቢት መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ቶኪዮ እንደምትሄጂ፣ ስልጠናው ሲያልቅ ሦስት ቀን እንደሚተርፍሽ፣ የጉዞ ወኪሉም የ7 ቀን የባቡር ፓስ ካልገዛሽ ብሎ እንደያዘሽ ጽፈሻል። እኔም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. እንዲሁ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ሄጄ፣ እንዲሁ ሦስት ቀን ተርፎኝ፣ እንዲሁ "ግዛ" ተብዬ ገዝቻለሁ። ስለ ቪዛው፣ ስለ ሆቴሉና ስለ ልብሱ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ እሱን ተዪው። እኔ ገንዘቤን የበላብኝን ነገርና እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ የሚለኝን ልንገርሽ።

1. ፓሱን አትግዢ።

ጃፓን ሬል ፓስ የሚባለው፣ አንዴ ከፍለሽ ለተወሰኑ ቀናት እንደ ልብሽ የምትሳፈሪበት ትኬት፣ እኔ ስገዛ የ7 ቀኑ 50,000 የን ነበር። እስከ 2023 ኦክቶበር ድረስ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው) 29,650 የን ነበር፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። "ወጪውን ይመልሳል" የሚሉሽ ሰዎች የድሮውን ዋጋ ይዘው ነው የሚያወሩት።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ሦስት ነገር ነገረችኝ። ያለ ፓስ ቶኪዮ ውስጥ መንቀሳቀስ አይቻልም አለችኝ። እዚህ የምንሰጥህን ወረቀት እንዳረፍክ አየር ማረፊያው ላይ በፓሱ ቀይረህ ያኔውኑ ማስጀመር አለብህ አለችኝ። 7 ቀን ማለት ባቡር የምትሳፈርባቸው ቀናት ብቻ ናቸው፣ ያልተሳፈርክበት ቀን አይቆጠርም አለችኝ። ሦስቱም ስህተት ነበር። እኔ ግን አመንኳት፤ ሥራዋ ነው ብዬ። በጊዜው ምንዛሪ 330 ዶላር ገደማ ነው የከፈልኩት። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ናሪታ አየር ማረፊያ አረፍኩ። እንደተባልኩት ወረቀቱን ይዤ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ የቀን መቁጠሪያ ወደ እኔ አዙሮ በእስክሪብቶው ጫፍ እያመለከተ "ከመቼ ይጀምር?" አለኝ። "ዛሬ" አልኩት። 50,000 የን ያስከፈለችኝ ያቺ አንዲት ቃል ናት። ለካ የሚጀምርበትን ቀን በአንድ ወር ውስጥ ወደፊት ማድረግ ይቻል ነበር። ለካ 7ቱ ቀናት ተከታታይ ናቸው፤ ተሳፈርሽም ተኛሽም ይቆጠራሉ። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ከማረፊያው ወደ ስልጠናው የሚወስደን አውቶቡስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፓሱ ሞቶ በቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነፃ ቀኖቼ ሲደርሱ የቀረኝ የሚያምር ወረቀት ብቻ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የተጠቀምኩበትን ደምሬ ሳየው፣ ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ ያመጣኝ ባቡርና በመጀመሪያው እሑድ የተሳፈርኩባቸው አምስት አጫጭር ጉዞዎች፣ ሁሉም ተጠቃሎ 4,000 የን አይሞላም።

እሺ፣ በሠራበት ሳምንትስ ሠራ ወይ ብትዪኝ፣ እሱም ግማሽ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ጄአር የሚባለው ኩባንያ ባቡሮች አሉ፤ ከእነሱ ሌላ ሁለት የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅቶች 13 መስመሮች አሏቸው፤ ሌሎች የግል ባቡሮችም አሉ። ፓሱ ለጄአር ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ያን እሑድ ጠዋት ምድር ውስጥ ወርጄ ፓሱን መግቢያው ማሽን ውስጥ ስከት ነው። ሁለቱ ክንፎች ከሆዴ ፊት ጠብ ብለው ተዘጉ፤ ማሽኑ ይጮኻል። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ጎኑ በር ተዛወረ። ነጭ ጓንት ያደረገ ሠራተኛ ከጠባቧ ክፍሉ ወጥቶ ካርታ ዘረጋልኝና በጣቱ እየተከተለ፣ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም፣ ይሄ አይሆንም፣ ይሄም አይሆንም እያለ አሳየኝ። ሰውየው ትሑት ነበር፤ አጎንብሶ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ስመለስ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ገንዘቡ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቢያንስ "ተሳስተናል" እንዲሉኝ ነበር። ልጅቷ "ወንድሜ፣ ተጠቅመህበታል እኮ፣ ምን ላድርግህ?" አለችኝ። አለቃዋ ከውስጠኛው ክፍል ሆኖ፣ ፊቱን እንኳ ሳያሳየኝ፣ "ጃፓንን ያየ ሰው እንዲህ ያማርራል?" አለ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ላንቺ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ከዚያ ሰውዬ የተነሳ ነው ብልሽ ማጋነን አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በዪ። ፓሱ የሚሰጠው ጃፓን ስትገቢ ፓስፖርትሽ ላይ "ጊዜያዊ ጎብኚ" የሚል ለተለጠፈለት ሰው ብቻ ነው። ስልጠናሽ በሌላ ዓይነት ቪዛ ከሆነ ብትከፍዪም አይሰጡሽም። ወኪልሽ ይህን ነግሮሻል? እኔን ማንም አልነገረኝም፤ በዕድል ነው ያለፍኩት።

ኪዮቶስ? ላልሽው፣ በሦስት ቀን አልመክርሽም። የግድ ካልሽ ግን በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ አንዱ መንገድ 14,000 የን አካባቢ ነው። ደርሶ መልሱ 28,000 ማለት ነው፤ ከፓሱ ጋር አወዳድሪው። በዚያ ላይ ከሁሉ ፈጣን የሆነውን ኖዞሚን በፓሱ ለመሳፈር ተጨማሪ ይከፈላል። ከቶኪዮ ወጣ ማለት ካማረሽ ካማኩራ ሂጂ፤ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል፣ በ1,000 የን ገደማ። እዚያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ከ11 ሜትር የሚረዝም የነሐስ ቡድሃ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ድሮ ቤት ነበረው፤ ጎርፍና ማዕበል ወስዶበት ከዚያ ወዲህ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይኖራል።

ለቶኪዮ የሚበቃሽ ዌልካም ሱይካ የምትባል ካርድ ናት። ናሪታ ላይ ትገዣለሽ፣ ለ28 ቀን ትሠራለች፣ የጄአሩም የምድር ውስጡም የአውቶቡሱም በር ላይ ጠጋ አድርገሽ ማለፍ ነው፤ ሱቅም ትከፍዪባታለሽ። የተረፈው ገንዘብ ግን አይመለስምና በትንሽ በትንሹ ሙዪ። የምድር ውስጡን ብቻ አዘውትረሽ የምትጠቀሚ ከሆነ ለጎብኚ የተዘጋጀ የ72 ሰዓት ትኬት አለ፤ እኔ የገዛሁት በ1,500 የን ነበር። እዪው እንግዲህ፣ 50,000 እና 1,500።

2. አበባውን ተስፋ አድርገሽ ፕሮግራም አታውጪ።

በመጋቢት መጨረሻ የምትሄጂው ሳኩራውን፣ የቼሪ አበባውን፣ አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ለእናቴ "አበባው መሃል ፎቶ ተነስቼ እልክልሻለሁ" ብያት ነበር። ቶኪዮ ላይ አበባው ፈካ የሚባለው እንደ እኛ አደይ በዓይን ግምት አይደለም። ያሱኩኒ የሚባል መቅደስ ግቢ ውስጥ አንዲት የተመረጠች ዛፍ አለች፤ የሜትዎሮሎጂ ሰዎች ሄደው ቅርንጫፎቿን እያዩ አበባ ይቆጥራሉ። አምስት ወይም ስድስት አበባ ሲፈነዳ ነው "ጀመረ" ተብሎ በዜና የሚነገረው። በ2024 ይህ የሆነው ማርች 29 ነው፤ ከወትሮው ዘግይቶ። እኔ ስልጠና የጨረስኩት ያን ቀን ነው። ሙሉ በሙሉ የፈካው ኤፕሪል 4 ነው፤ እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ቤቴ ነኝ።

ቅዳሜ ኡዌኖ መናፈሻ ስደርስ ሰማያዊ ሸራ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ሰው ጫማውን በሥርዓት ደርድሮ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይስቃል፤ ዛፉ ግን እንቡጥ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የተከፈተችውን አንዲት አበባ ታሳየዋለች። እኔም እሷኑ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ትንበያውን ከመሄድሽ በፊት እዪ፤ ከደረሰልሽ እሰየው።

ቅዳሜን ያሳለፍኩበት መንገድ ግን ጥሩ ነበር፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው። በጠዋት አሳኩሳ ሂጂ፣ ሰንሶጂ የሚባለው የከተማው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ያለበት። በባህላቸው ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች በ628 ከሱሚዳ ወንዝ በመረባቸው ያወጡት ምስል ነው የተቋቋመበት ምክንያት ይላሉ። ዋናው አዳራሽ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1958 እንደገና የተሠራ ነው። መግቢያው ላይ 700 ኪሎ የሚመዝን ቀይ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። ገንዘብ አይጠይቁሽም። ከሁለት ሰዓት በፊት ብትደርሺ ሱቆቹ አልተከፈቱም፣ ሰውም የለም፤ ረፋድ ላይ ግን እንደ ጥምቀት ነው የሚጨናነቀው። ሰዎች 100 የን ከተው የብረት ሣጥን ይነቀንቃሉ፤ ቁጥር ያለው ቀጭን እንጨት ይወጣል፤ ያንን ቁጥር ከመሳቢያዎቹ ፈልገው የዕጣ ወረቀታቸውን ያወጣሉ። ክፉ የወጣበት ወረቀቱን አጥፎ እዚያው ሽቦ ላይ አስሮት ይሄዳል። እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልሞከርኩም፤ ቆሜ ግን ብዙ አየሁ። አንድ ወጣት ሦስት ጊዜ ከፍሎ ሦስቱንም አሰረ።

ከዚያ ምሳ። ጾም ላይ ነው የምትሄጂው፤ ይህን ማንም አላነሳልሽም፣ እኔ ግን በርቦኛልና አነሳዋለሁ። ጃፓን ብዙ ነገር ከሥጋ ነፃ ይመስላል፤ አይደለም። ዳሺ የሚሉት መረቅ አለ፣ በብዛት ከደረቀ ዓሣ የሚሠራ፤ ሾርባው ውስጥ አለ፣ የኑድሉ መረቅ ውስጥ አለ፣ የተቀቀለ ጎመን ላይ ሳይቀር ያፈሱታል። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ "ሥጋ የለውም" ማለታቸው አይጠቅምሽም። እኔ ከትንንሾቹ የ24 ሰዓት ሱቆች ኡሜ የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ የተከተተበት የሩዝ ኳስና ሙዝ እየገዛሁ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ግን ከአሳኩሳ በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዤ ዮትሱጊ ወረድኩ፤ ካትሱሺካ የሚባለው ክፍለ ከተማ ነው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት። የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ሽሮው ሲንተከተክ ቀረበልኝ፤ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሹካና በእንጨት ስበላ የከረምኩ ጣቶቼ ደስ አላቸው። ቀድመሽ ስልክ ደውዪ፤ እንጀራ እንዳያልቅብሽ። መንገድሽ ላይ 634 ሜትር የሚረዝመውን ስካይትሪ የሚባል ማማ ከሥሩ ሆነሽ ታዪዋለሽ። እላዩ መውጣት ውድ ነው፤ ከከፍታ ማየት ከፈለግሽ ሺንጁኩ ያለው የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ፣ 202 ሜትር ላይ፣ በነፃ ያስወጡሻል። ቦርሳሽን ፈትሸው ሊፍት ውስጥ ያስገቡሻል፣ በቃ። ሰማዩ ጥርት ካለ ፉጂ ተራራ ይታያል። እኔ በጠዋት ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ሳንቲም ሳልከፍል።

3. አበበ የሮጠበትን ቦታ ሳታዪ እንዳትመለሺ።

ከላይ አስተያየት የሰጡት ሁሉ ስለ ሺቡያ መንገድና ስለ መዝናኛ ፓርኮች ጽፈዋል፤ አንድ ሰው እንኳ ይህን አለማንሳቱ አሳዝኖኛል። ቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረባት ከተማ ናት። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር የሆነው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰው። እኛ አገር ብዙ ሰው እዚያም ባዶ እግሩን የሮጠ ይመስለዋል፤ ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ነበር።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ ሜይጂ መቅደስ ሄድኩ። በ1920 የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ጫካ ከመላው አገሪቱ ሰው በስጦታ ባመጣው 100,000 ያህል ዛፍ የተተከለ ነው። የከተማ መሃል መሆኑን ትረሺዋለሽ፤ የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማሽ። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ስታዲየም። ሰንዳጋያ ጣቢያ ወርደሽ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። አበበ የገባበት የ1964ቱ ፈርሷል፤ ይህኛው በዚያው ቦታ ላይ ተሠርቶ በ2019 ያለቀ ነው። ኬንጎ ኩማ ነው የነደፈው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተደረደረውን እንጨት ከ47ቱም የጃፓን ግዛቶች ነው ያስመጡት። በሩ ዝግ ነበር። ዙሪያውን ዞርኩት፣ እጄን ግንቡ ላይ አድርጌ።

ማዶ የኦሊምፒክ ሙዚየም ፊት ለፊት አምስቱ ቀለበቶች ቆመዋል፤ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስልኬን ተቀብለው አነሱኝ። በእንግሊዝኛ "ከየት?" አሉኝ። "ኢትዮጵያ" ስላቸው ስልኩን ሳይመልሱልኝ ቆመው ቀሩ። "አበበ!" አሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው አጠገብ ይዘው፣ ዓይናቸውን ወደፊት ተክለው አራት አምስት እርምጃ ሮጡ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብለው የእግር ጣታቸውን ነኩ፤ አበበ ገመዱን ከበጠሰ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ እንደነበረው ማለታቸው ነው። ሰልፉ ላይ ያሉት ወጣቶች ያጨበጭባሉ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

በስልኬ መተርጎሚያ አወራን። ያን ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቾፉ የሚባል ሰፈር፣ ኮሹ ካይዶ በሚሉት አውራ ጎዳና ዳር፣ ከእናታቸው ጋር ቆመው ሲያልፍ አይተውታል። "የእግሩ ድምፅ አይሰማም ነበር" የሚል ነው ስልኩ ላይ የወጣው። ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ ላይ ምልክት እንዳለ ነገሩኝ። ኪሳቸውን ፈትሸው የሱቅ ደረሰኝ አገኙና ጀርባው ላይ የጣቢያውን ስም በጃፓንኛ ጻፉልኝ፤ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ሰኞ ዕለት ዕቅዴ አንድ ሙዚየም ነበር። ዝግ! ሰኞ ሰኞ ብዙ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ ሰኞ በዓል ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ በማግስቱ ይዘጋሉ። አንቺም አንዱ ቀንሽ ሰኞ ነው፣ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደረሰኙን ከኪሴ አወጣሁና ሺንጁኩ ሄድኩ። ሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው፤ የኬይዮን መስመር ፍለጋ 40 ደቂቃ ዞርኩ። ለሠራተኛ ደረሰኙን ሳሳየው ነው ይዞኝ የሄደው። የኬይዮ መስመር የግል ነው፤ ያ ፓስ በሕይወት ቢኖርም እዚህ አይሠራም ነበር። በሱይካ ገባሁ፣ ቶቢታኪዩ ወረድኩ፣ ወደ አውራ ጎዳናው በእግር ወጣሁ። ትልቅ የእግር ኳስ ስታዲየም አለ፤ እዚያው አካባቢ መንገዱ ዳር ምልክቱን ታገኚዋለሽ። መኪና እየጮኸ ያልፋል። አንድም ጎብኚ አልነበረም። እዚህ ጋ ሲዞር ቀዳሚው እሱ ነበር፣ ግማሹን መንገድ ብቻውን ሊመለስ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የነበረች ትንሽ ባንዲራ ነበረች፤ አውጥቼ ይዤ ተነሳሁ፤ ፎቶውን አንድ ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ ነው ያነሳልኝ። ከጃፓን ካመጣኋቸው ፎቶዎች ውስጥ አሳጥቤ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ይህን አንዱን ነው።

የረሳሁት፦ ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል፣ እስከ ንጋት የለም። ታክሲ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት 20 በመቶ ይጨምራል፤ አንድ ማታ አምልጦኝ ከፍዬዋለሁ፣ አትድገሚው። ከናሪታ ታክሲ የሚባል ነገር አታስቢ፣ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ የለም፤ ፌስታል ያዢ። ባቡር ውስጥ ስልክ አታናግሪ።

ደረሰኙ አሁንም አለኝ። ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፤ ሺንጁኩ ስትደርሺ ስልክሽን ከፍተሽ ነጭ ጓንት ላደረገው ሠራተኛ አሳዪው።